በመደርደሪያ ላይ የሚለወጥ መድኃኒት፤ ራኒቲዲን ለነጋዴ ያስተማረው

ዕቃ ሦስት ጠላቶች እንዳሉት ነጋዴ ሁሉ ያውቃል፤ እነርሱም ጊዜ፣ ሙቀትና እርጥበት ናቸው። በቡለን ሰሊጥና ኑግ፣ አኩሪ አተርና በቆሎ ሰብስቦ በመጋዘን የሚያኖር ሰው ይህን ትምህርት ያገኘው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከደረሰበት ኪሣራ ነው። እርጥብ ሆኖ የተከተተ እህል ይሻግታል፤ ነቀዝ ያገኘው ዱቄት ይሆናል፤ ብዙ የቈየ የቅባት እህልም ጣዕሙ ይለወጣል። ገዢው እጁን ወደ ጆንያው ሰድዶ አንድ ጭብጥ ዘግኖ ካሸተተውና ከቀመሰው በኋላ ጉድለቱን ወዲያው ይናገራል። ስለዚህ በእህል ንግድ ውስጥ ዕቃው ራሱ ስለ ራሱ ይመሰክራል።

መድኃኒት ግን ስለ ራሱ አይመሰክርም። ክኒን በመደርደሪያ ላይ እንደ ተቀመጠ ውስጡ ቢለወጥ ሽታው አይነግርም፤ መልኩም ብዙውን ጊዜ እንደ ነበረ ይቈያል። ሻጩ በቅን ልቡና ይሸጠዋል፤ ገዢውም አምኖ ይውጠዋል። ራኒቲዲን በሚባለው የቃር መድኃኒት ላይ የደረሰው ነገር ለዚህ ዋና ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀስ ነው። በብዙ አገሮች ይህ መድኃኒት ከገበያ እንዲወጣ የተደረገበት ምክንያት በአብዛኛው ከአቀማመጥ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ታሪኩ የሐኪሞችና የፋብሪካዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ የሚተው አይደለም። በተለይም እንደ መተከል ባለ ሞቃት አገር መድኃኒት የሚነግድ ሰው ሊያውቀው ይገባል።

የቃር ጠባይ

የሰው ጨጓራ ምግብን ለመፍጨት ብርቱ አሲድ ያመነጫል። የጨጓራው ግድግዳ ይህን አሲድ የሚከላከል ሽፋን አለው፤ ምግብ የሚወርድበት ቧንቧ ግን እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። በሁለቱ መካከል እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ጡንቻ አለ። ይህ በር ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይወጣና ደረትን ያቃጥላል፤ አፍንም ያጎመዝዛል። ሕዝባችን ቃር የሚለው ይህንን ነው። ጠግቦ በልቶ ወዲያው መተኛት፣ ቅባትና በርበሬ የበዛበት ወጥ፣ ቡና፣ አረቄ፣ ትምባሆ፣ የሰውነት ውፍረት፣ እንዲሁም እርግዝና ቃርን ከሚያስነሡት ነገሮች መካከል ናቸው።

በሕዝቡ አነጋገር ቃርም፣ የጨጓራ መቈጣትም፣ የጨጓራ ቁስልም ሁሉም በአንድ ላይ «ጨጓራ» ይባላሉ። ነገር ግን መነሻቸው አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ተሕዋስ በሰው ጨጓራ ውስጥ እንደሚኖርና የጨጓራ መቈጣትንና ቁስልን እንደሚያመጣ አስረዱ፤ ስለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ይህ ተሕዋስ ተገኝቶባቸዋል። ከዚህም በቀር ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወሰዱት ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የጨጓራን ሽፋን ይጎዳሉ። እንግዲህ «የጨጓራ መድኃኒት ስጠኝ» ብሎ የሚመጣው ገዢ ሁሉ አንድ ዓይነት በሽተኛ አለመሆኑን አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

የራኒቲዲን አነሣሥ

እስከ ሃያኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ድረስ ለጨጓራ ቁስል የነበረው ሕክምና የአሲድ ማርከሻ መጠጣት፣ ምግብን መምረጥ፣ ሲብስም በቀዶ ጥገና የጨጓራን ክፍል ቈርጦ ማውጣት ነበር። የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው ሰር ጄምስ ብላክ ከባልደረቦቹ ጋር ሲመረምር፣ ሂስታሚን የተባለው ንጥረ ነገር የጨጓራን ሕዋሳት አሲድ እንዲያመነጩ የሚያዝ መልእክተኛ መሆኑን መሠረት አድርጎ፣ ይህን መልእክት የሚያግድ መድኃኒት ፈለገ። ከዚህ ሥራ የተገኘው ሲሜቲዲን እ.ኤ.አ. በ1976 በእንግሊዝ አገር ለሽያጭ ቀረበ። ብላክም እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ።

ግላክሶ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የሲሜቲዲንን መንገድ ተከትሎ፣ ነገር ግን አሠራሩን ለውጦ፣ ራኒቲዲንን አወጣ። ይህም እ.ኤ.አ. በ1981 ዛንታክ በሚል የንግድ ስም ለገበያ ቀረበ። ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር የሚጋጭበት አጋጣሚ ከሲሜቲዲን ያነሰ በመሆኑና በቀን ሁለት ጊዜ መውሰዱ በቂ ስለ ሆነ፣ ሐኪሞችም በሽተኞችም ወደዱት። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዓለም ላይ ከሚሸጡት መድኃኒቶች ሁሉ በሽያጭ ገንዘብ አንደኛ ለመሆን በቃ። የፈጠራ መብቱ ዘመን ካለቀ በኋላም ብዙ ፋብሪካዎች በርካሽ ዋጋ ስለ ሠሩት ወደ ድኻ አገሮች ገባ። በአገራችንም ባለ 150 እና ባለ 300 ሚሊግራሙ ክኒን በየሆስፒታሉና በየመድኃኒት ቤቱ የታወቀ ነበር። በዚህ ዓይነት ራኒቲዲን ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እንደ ታመነ ዕቃ ሲሸጥ ኖረ።

እንከኑ እንዴት ተገኘ

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ላይ ለደም ግፊት የሚሰጠው ቫልሳርታን የተባለው መድኃኒት ኤን.ዲ.ኤም.ኤ. በሚባል ቆሻሻ ተበክሎ መገኘቱ በብዙ አገሮች ተነገረ። ኤን.ዲ.ኤም.ኤ. በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ ነቀርሳ ማምጣቱ የታወቀ፣ በሰውም ላይ ሳያመጣ አይቀርም ተብሎ በዓለም አቀፉ የነቀርሳ ምርምር ተቋም የተመደበ ነገር ነው። በቫልሳርታን ረገድ ጥፋቱ የተገኘው በፋብሪካው የአሠራር ለውጥ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መርማሪዎች ሌሎችንም መድኃኒቶች መፈተሽ ጀመሩ።

ቫሊሹር የተባለ በአሜሪካ የሚገኝ መድኃኒት ሻጭና መርማሪ ድርጅት ይህንኑ ነገር በራኒቲዲን ውስጥ እንዳገኘ ለአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አመለከተ፤ አስተዳደሩም መስከረም 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ጉዳዩን ለሕዝብ አስታወቀ። ቫሊሹር በመጀመሪያ ክኒኑን የመረመረው እስከ 130 ዲግሪ በሚያሞቅ መሣሪያ ስለ ነበር፣ ያገኘው መጠን በአንድ ክኒን ከሦስት ሚሊዮን ናኖግራም በላይ ሆነ። አስተዳደሩ ግን የመመርመሪያው ሙቀት ራሱ ቆሻሻውን እንደሚፈጥር ገልጾ፣ ያለ ብርቱ ሙቀት በሚሠራ ሌላ ዘዴ እንዲመረመር አዘዘ። በዚህኛው ዘዴ የተገኘው መጠን እጅግ ያነሰ ቢሆንም፣ በአንዳንዱ ክኒን ውስጥ ከተፈቀደው ወሰን በላይ ሆኖ ተገኘ።

የተፈቀደው ወሰን በቀን 96 ናኖግራም ነው። አንድ ናኖግራም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ክፋይ ነው። ይህ ወሰን የተቈረጠው፣ አንድ ሰው ይህን ያህል በየቀኑ ለሰባ ዓመት ቢወስድ በነቀርሳ የመያዙ ዕድል ከመቶ ሺህ ሰው በአንድ ሰው ያህል ብቻ እንዲጨምር ተብሎ በተደረገ ስሌት ነው።

ከዚህ በኋላ ሳንዶዝ፣ ግላክሶስሚዝክላይን፣ ሳኖፊና ሌሎችም ኩባንያዎች በመስከረምና በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ዕቃቸውን ከገበያ መሰብሰብ ጀመሩ። መጋቢት 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ማናቸውም የራኒቲዲን መድኃኒት ከገበያ እንዲወጣ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 22 ቀንም የአውሮፓ የመድኃኒት ተቋም የባለሙያዎች ጉባኤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የራኒቲዲን ሽያጭ እንዲታገድ ሐሳብ አቀረበ።

ጥፋቱ በመጋዘን ውስጥ ማደጉ

የራኒቲዲን ነገር ከቫልሳርታን የሚለየው በዚህ ነው። ለኤን.ዲ.ኤም.ኤ. መፈጠር የሚያስፈልጉት ክፍሎች በራኒቲዲን ውስጥ አብረው ይገኛሉ። ስለዚህ ክኒኑ ከፋብሪካ ንጹሕ ሆኖ ቢወጣም እንኳ፣ በውስጡ ያለው መድኃኒት ቀስ በቀስ እየፈረሰ ቆሻሻውን ሊፈጥር ይችላል። የአሜሪካው አስተዳደር ባደረገው ምርመራ የቆሻሻው መጠን በተለመደው የክፍል ሙቀት ውስጥም ቢሆን በጊዜ ብዛት እንደሚጨምር፣ ሙቀቱ ከፍ ሲል ደግሞ በብዙ እንደሚጨምር አረጋገጠ። ብዙ የቈየ ክኒን ከአዲሱ የበለጠ ቆሻሻ ነበረበት።

ነጋዴ በተለይ ሊያስተውለው የሚገባው የመጨረሻው ውሳኔ የተሰጠበት ምክንያት ነው። አስተዳደሩ ከመረመራቸው ናሙናዎች ብዙዎቹ ከወሰን ያላለፉ ነበሩ። ሆኖም አንድ የራኒቲዲን ክኒን በሽተኛው እጅ እስኪገባ ድረስ በምን ዓይነት ስፍራና ለምን ያህል ጊዜ እንደ ተቀመጠ ማረጋገጥ ስለማይቻል፣ ጠቅላላው እንዲወጣ ተደረገ። በዓለም ገበያ አንደኛ የነበረው ዕቃ የወደቀው ከፋብሪካ በር እስከ ሱቅ መደርደሪያ ባለው መንገድ ላይ ስለ አያያዙ እርግጠኛ ምስክር ባለመገኘቱ ነው ማለት ይቻላል። አበው «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያሉት ተረት በመድኃኒት ንግድ ላይ እንዲህ ይፈጸማል።

ይህን ካልን ዘንድ፣ ሕዝብን ያለ ልክ ማስደንገጥም ተገቢ አይደለም። ቀድሞ ራኒቲዲን የወሰደ ሰው ሁሉ በነቀርሳ ይያዛል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ የአሜሪካው አስተዳደር ጥናት ጤነኛ ሰዎች ራኒቲዲን ሲወስዱ በሰውነታቸው ውስጥ የኤን.ዲ.ኤም.ኤ. መጠን እንዳልጨመረ ታይቷል። በፍርድ ቤትም ብዙ ክርክር ተነሥቶ፣ ግላክሶስሚዝክላይን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ጥፋተኝነቱን ሳያምን ሰማንያ ሺህ ያህል ክሶችን እስከ 2.2 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ ለመጨረስ ተስማምቷል። ነገር ግን በሙቀትና በጊዜ ብዛት የሚበላሽ፣ ከእርሱ የተሻሉ ምትኮችም ያሉት መድኃኒት በእጅ ቢገኝ፣ ወደ በሽተኛው ማሳለፍ የሚያስመሰግን ሥራ አይደለም።

ጉዳዩ ለቡለን ነጋዴ የሚሰጠው ትርጉም

በእንግሊዝ አገር ወይም በሰሜን አሜሪካ ያለ መድኃኒት ቤት ዓመቱን ሙሉ የሙቀቱን መጠን በመሣሪያ እያስተካከለ ሊኖር ይችላል። ወደ ቡለን የሚመጣው ሣጥን ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በእንጅባራና በቻግኒ አድርጎ፣ ብዙ ጊዜ በሸራ በተሸፈነ የጭነት መኪና፣ ፀሐይ እየመታው ይጓዛል። የክልሉ ዋና ከተማ አሶሳ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ ያለባት ብትሆንም፣ ከመተከል የምትለየው በዓባይ ወንዝ ስለ ሆነ መንገዱ ረጅም ነው። በመተከል ቆላ ወረዳዎች ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ወራት የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። በቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ ጣሪያ ባልተሠራለት ቤት፣ በላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለው ሙቀት ደግሞ ከውጭው ይበልጣል። ክረምት ሲገባ በተራው እርጥበቱ ይመጣል።

የዛንታክ ክኒን ማሸጊያ ግን በደረቅ ስፍራ፣ ከብርሃን ተሰውሮ፣ ከ30 ዲግሪ በማያልፍ ሙቀት እንዲቀመጥ የሚያዝ ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የሚጸናው፣ የተጻፈው የአቀማመጥ ትእዛዝ ሲጠበቅ ብቻ ነው። በፀሐይ የተቃጠለ መድኃኒት ቀኑ ገና ነው ተብሎ አይታመንም።

በዚህ ነገር ላይ የገንዘብ ፈተና መኖሩ የታወቀ ነው። አንድ አነስተኛ መድኃኒት ቤት ያለው ሰው ካፒታሉ በመደርደሪያው ላይ የተደረደረው ዕቃ ነው። ከዚያ ውስጥ አሮጌ የራኒቲዲን ካርቶን ቢገኝ፣ ማውጣት ማለት የከፈለውን ገንዘብ ማጣት ይመስለዋል። «ሰው ሲወስደው ኖሯል፤ ምን ሆነ?» ብሎ ራሱን ሊያታልል ይችላል። የነገሩ ክፋት ጉዳቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። የተበላሸ ሰሊጥ የሸጠ ሰው በሚቀጥለው ገበያ ይወቀሳል፤ የተበላሸ መድኃኒት የሸጠ ሰው ግን ሳይወቀስ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። የነጋዴ ሐቀኝነት የሚፈተነውም ማንም በማያየው ዕቃ ላይ ነው።

በራኒቲዲን ፈንታ የሚታዘዙት

ለቃርና ለጨጓራ ሕመም የሚሰጡ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። የአሜሪካው አስተዳደር በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ውሳኔው ፋሞቲዲን፣ ሲሜቲዲን፣ ኦሜፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞልና ላንሶፕራዞል ውስጥ እስከዚያ ጊዜ ባደረገው ምርመራ ኤን.ዲ.ኤም.ኤ. እንዳላገኘ አስታውቋል። እያንዳንዱ ግን የራሱ ጠባይ አለው።

ፋሞቲዲን የራኒቲዲን ቤተ ዘመድ ነው፤ የሂስታሚንን መልእክት በዚያው መንገድ ያግዳል፤ የተሠራበት ነገር ግን የተለየ ነው። በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ሥራውን ይጀምራል። አልፎ አልፎ ለሚነሣ ቃርና ሌሊት ለሚያስቸግር ሕመም ይስማማል። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን መጠኑን ሐኪም ሊቀንስለት ያስፈልጋል።

ሲሜቲዲንም ከዚሁ ወገን ነው፤ ሆኖም ሌሎች መድኃኒቶች ከሰውነት እንዳይወጡ ያዘገያል። ስለዚህ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ፌኒቶይን፣ ወይም ለአስም የሚሰጠውን ቴዎፊሊን ለሚወስድ ሰው አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ሻጩ «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ?» ብሎ ሳይጠይቅ ሊሰጠው አይገባም።

ኦሜፕራዞል በአገራችን እጅግ የታወቀው ነው። በስዊድን አገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ የዋለ ሲሆን፣ መልእክቱን ከማገድ ይልቅ አሲዱን የሚያወጣውን የሕዋሱን መሣሪያ ራሱን ስለሚዘጋ ከቀድሞዎቹ ይበረታል። በትክክል የሚሠራው ከቁርስ በፊት፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አስቀድሞ፣ ሳይታኘክ ሲዋጥ ነው። ሙሉ ኀይሉ የሚታየው ከአንድ እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን አልሠራም ብሎ መጠኑን መጨመር ስሕተት ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከአሥራ አራት ቀን በላይ መውሰድ አይገባም፤ ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ የማግኒዥየምና የቢ-12 ቪታሚን ማነስን ሊያስከትል ይችላል። ነጋዴውም አንድ ነገር አይርሳ፦ ኦሜፕራዞልም ሙቀትን፣ እርጥበትንና ብርሃንን አይወድም። ክፉ አያያዝ ከገጠመው በካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች እየጠቈሩ ኀይላቸውን ያጣሉ። ስለዚህ መድኃኒቱን ለውጦ አቀማመጡን አለመለወጥ ከችግሩ ግማሹን እንዳለ መተው ይሆናል።

የአሲድ ማርከሻዎች የሚባሉት፣ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድና ማግኒዥየም ትራይሲሊኬት፣ ዋጋቸው አነስተኛ ነው። የተገኘውን አሲድ ወዲያው ያከሽፋሉ፤ ፋታቸው ግን አጭር ነው። አሉሚኒየሙ ሆድን ያደርቃል፤ ማግኒዥየሙ ደግሞ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ሁለቱን ቀላቅሎ መሥራት የተለመደ ነው። ቴትራሳይክሊንን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንንና የብረት ክኒንን ሰውነት እንዳይቀበላቸው ስለሚከለክሉ፣ በመካከላቸው ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ሊኖር ይገባል።

ሕመሙ ከሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የመጣ እንደ ሆነ ግን ከእነዚህ አንዱም ብቻውን አያድንም። በሰገራ ወይም በሌላ ምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ ሐኪሙ ሁለት ዓይነት ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ከኦሜፕራዞል ጋር አጣምሮ ያዝዛል፤ ይህም እስከ መጨረሻው ቀን ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት።

ያለ ክኒን የሚደረግ ጥንቃቄ

ከሁሉ የሚረክሰው መድኃኒት ልማድን ማስተካከል ነው። እራት ከመኝታ ሦስት ሰዓት አስቀድሞ ቢበላ፣ የአልጋው ራስጌ ከእንጨት ወይም ከጡብ በተሠራ መደገፊያ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ቢል፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ከመብላት ይልቅ ጥቂት ጥቂት ቢበላ፣ አረቄና ትምባሆ ቢቀር፣ ብዙ ሰው ያለ ክኒን ይሻለዋል። በፆም ወራት ቀኑን ሙሉ ባዶ በነበረ ሆድ ላይ ቡናና በርበሬ የበዛበት ምግብ ማስቀደም ቃር ለሚያሠቃየው ሰው አይመከርም። የተልባ ውሃ መጠጣት በሕዝቡ ዘንድ የቈየ ልማድ ነው፤ ፋታ የሚሰጠው ሰው ቢጠጣው የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ተሕዋሱን ስለማያጠፋ በምርመራ ፈንታ ሊቈጠር አይገባውም።

ደም የሚያስታውክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቈረ ሰገራ የሚያይ፣ ምግብ አልወርድ የሚለው፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ ሰው ግን ሌላ የቃር መድኃኒት ሳይሸጥለት ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። ደረቱን ጨምድዶ ይዞት ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሚሄድ፣ የሚያልበውም ሰው ምናልባት ሕመሙ የልብ እንጂ የቃር ላይሆን ይችላል።

ነጋዴው ሊፈጽመው የሚገባ

በኢትዮጵያ መድኃኒት በችርቻሮ ሲሸጥ የኖረው በፋርማሲ፣ በመድኃኒት መደብርና በገጠር መድኃኒት ቤት ነው፤ ለእያንዳንዱም ባለሙያና የብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመድኃኒትን ጥራትና ደኅንነት የመቈጣጠርን ሥልጣን ለመንግሥት አካል ሰጥቷል። ከሳሙናና ከስኳር ጎን ክኒን ደርድሮ መሸጥ ትርፉ ትንሽ ሲሆን ዕዳው ብዙ ነው። ፈቃድ ላለው ነጋዴ ግን የሚከተሉት ምክሮች ይጠቅሙታል።

1ኛ፤ መድኃኒት ከታወቀ አከፋፋይ በደረሰኝ ብቻ ይገዛ። ደረሰኙ ላይም ሆነ በመዝገብ ላይ የባች ቁጥሩና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ ይጻፍ። የመሰብሰብ ትእዛዝ ሲመጣ ዕቃን ለይቶ ለማውጣትና ገንዘብን ለመጠየቅ የሚያስችለው ይህ መዝገብ ነው። ድንበር ተሻግሮ በድብቅ የገባ መድኃኒት መዝገብም ምስክርም የለውም።

2ኛ፤ ከቆርቆሮው ሥር ጣሪያ ይሠራ፤ መደርደሪያው ከግድግዳና ከወለል ራቅ ብሎ፣ መስኮት በማይመታው በኩል ይቁም፤ በቤቱ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ተሰቅሎ ጧትና ከቀትር በኋላ የታየው ቁጥር ይመዝገብ። የመለኪያው ዋጋ ከአንድ ካርቶን ከተበላሸ መድኃኒት ዋጋ ያነሰ ነው።

3ኛ፤ ቀኑ ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ ይውጣ። አዲስ ዕቃ በአሮጌው ፊት መደርደር የሰነፍ ሱቅ ምልክት ነው። ብዙ ገዝቶ ለረጅም ጊዜ ከማከማቸት ይልቅ ጥቂት እየገዙ ቶሎ ቶሎ መሸጥ በሞቃት አገር ይመረጣል።

4ኛ፤ ራኒቲዲን ወይም ሌላ እንዲሰበሰብ የታዘዘ መድኃኒት በእጅ ቢገኝ ከሌላው ተለይቶ በሣጥን ይታሸግ፤ «አይሸጥም» የሚል ይጻፍበት፤ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ለአከፋፋዩ ይገለጽ። ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቆሻሻ መጣያ አይጣል፤ ማስወገድ የሚገባው ሥልጣን ባለው አካል ፊት ነው።

5ኛ፤ ራኒቲዲን ይወስድ የነበረ ገዢ ሲመጣ በድንጋጤ ሕክምናውን ጨርሶ እንዲተው አይነገረው፤ በምትኩ ምን እንደሚስማማው ከባለሙያ ጋር እንዲነጋገር ይመከር። አንዱ ዕቃ ከገበያ ሲወጣ የሌላው ፈላጊ ይበዛል፤ በአሜሪካ እንኳ ከራኒቲዲን መውጣት በኋላ የፋሞቲዲን እጥረት ታይቷል። እንዲህ ያለውን ጊዜ ዋጋ ለመስቀል መጠቀም የበሽተኛን ችግር መነገድ ነው።

በቡለን ገበያ ሺናሻው፣ ጉሙዙ፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አገው አብረው ይሸጣሉ፤ አብረው ይገዛሉ። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ገበሬ ሰሊጡን ሸጦ ካገኘው ገንዘብ ላይ ጥቂቱን ለሚስቱ የጨጓራ መድኃኒት ሲከፍል፣ ክኒኑን ሊያሸተው ወይም ሊቀምሰው አይችልም፤ የሚያምነው የሻጩን ቃል ብቻ ነው። እርሱ ያቀረበውን ሰሊጥ ግን ሻጩ ራሱ በእጁ ዘግኖ፣ አሽትቶና ቀምሶ ነው የገዛው። እንግዲህ በዚህ ልውውጥ ውስጥ ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ነጋዴው በገበሬው ፈንታ የሙቀት መለኪያውን ተመልክቶ፣ ቀኑን አንብቦ፣ መዝገቡን ገልጦ፣ የማያምንበትን ዕቃ ከመደርደሪያው ያወረደ እንደ ሆነ ነው።